የራደር የኋላ ጠርዝ በሲላንት አገጣጠም፦ አውሮፕላን ቤታቸው ለሚሠሩ

አውሮፕላን በጋራዡ የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከጭራው ነው። ከጭራው ደግሞ ብዙ ሰው የሚፈራት አንዲት ቀን አለች፦ የራደሩ የኋላ ጠርዝ በሲላንት የሚዘጋበት ቀን። ራደር ጭራው ላይ ቆሞ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዞረው ተንቀሳቃሽ አካል ነው፤ ሲላንት ደግሞ ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚሆን ማጣበቂያና መድፈኛ ነው። ይህ መመሪያ ያቺን ቀን ከዋዜማዋ እስከ ማግስቷ ድረስ ይዟችሁ ይሄዳል።

ምሳሌ የማደርገው አርቪ 7 የተባለውን ትንሽ አውሮፕላን ነው። ኪቱን፣ ማለትም ቤት ወስዳችሁ የምትገጣጥሙትን የክፍሎች ስብስብ፣ የሚያዘጋጀው በኦሪገን ግዛት አውሮራ ከተማ ያለው ቫንስ ኤርክራፍት ነው። የዚህ ድርጅት አውሮፕላኖች ከ11,000 በላይ የሚሆኑት ተሠርተው በርረዋል፤ ስለዚህ አሠራሩ በብዙ እጅ የተፈተነ ነው። የሌላ ኪት ባለቤት ከሆናችሁም ሐሳቡ ይሠራላችኋል። ቁጥርና ቅደም ተከተል ግን ሁልጊዜ ከራሳችሁ ኪት መመሪያ ውሰዱ። የእኔ ጽሑፍና የአምራቹ እቅድ ከተጋጩ እቅዱን ተከተሉ።

ሲላንቱ እዚህ ቦታ ምን ይሠራል?

የአርቪ 7 ራደር ከግራና ከቀኝ ሁለት ቀጫጭን የአሉሚኒየም ቆዳዎች አሉት። ቆዳዎቹ ከኋላ ሲገናኙ በመካከላቸው ሽብልቅ ይገባል። ሽብልቁ ከአሉሚኒየም የተሠራ ረጅም ዘንግ ነው፤ በአንድ ጎኑ ወፈር ይልና በሌላው ይሾላል። ሦስቱ ማለትም ቆዳ፣ ሽብልቅ፣ ቆዳ ከላይ እስከ ታች በሪቬት፣ ማለትም ጫፉ ተመትቶ በሚደፈጠጥ አጭር ሚስማር፣ ይያያዛሉ።

ጭነቱን የሚሸከመው ሪቬቱ ነው። ሲላንቱ የሚፈለገው ሪቬቱ ከመመታቱ በፊት ሦስቱን አንድ አድርጎ ቀጥ እንዳሉ እንዲይዝ ነው። ያለ ሲላንት ሪቬት ስትመቱ ቀጭኑ ቆዳ ከመዶሻው ጋር ትንሽ ይንሸራተታል፣ ትንሽ ይለጠጣል። ያ ትንሽ በትንሽ ሲጠራቀም ጠርዙ እባብ ይሆናል። ሲላንቱ ደርቆ ከያዘው ግን መንሸራተቻ የለውም።

ስለዚህ ጠርዙ ቀጥ ማለት አለማለቱ የሚወሰነው ሲላንቱ በሚደርቅባቸው ሰዓታት ነው። በዚያ ጊዜ ጠማማ ሆኖ ከደረቀ ሪቬት አያቃናውም። ቀጥ ብሎ ከደረቀ ደግሞ ሪቬቱ ላይ ብዙም አትቸገሩም። ከዚህ በታች ያለው ዝግጅት ሁሉ ለእነዚያ ሰዓታት ነው።

በአየር መንገድ ጥገና የሠሩ አንባቢዎች አንድ ልማድ መተው ይኖርባቸዋል። በቦሌም ሆነ በሌላ ሃንጋር የሠራ ሰው ሲላንትን በደንብ የሚያውቀው ከነዳጅ ታንክ ጋር ነው። ታንክ ላይ መለገስ ጥሩ ነው፤ ነዳጁ እንዳያፈስ ይረዳል። የሚንቀሳቀስ አካል ጠርዝ ላይ ግን ትርፍ ሲላንት ትርፍ ክብደት ነው፤ ያውም መጥፎው ቦታ ላይ። ይህን ወደ መጨረሻው በቁጥር እናየዋለን።

የቱን እንግዛ?

የሚፈለገው ሁለት ክፍል ያለው ፖሊሰልፋይድ ሲላንት ነው። ሠሪዎች በልማድ ‹ፕሮሲል› ይሉታል። በማሸጊያው ላይ ኤኤምኤስ-ኤስ-8802 የሚለውን መለያ ፈልጉ። ከዚያ ፊደልና ቁጥር ይከተላል። ክላስ ኤ ፈሰስ የሚል፣ በብሩሽ የሚቀባ ነው። ክላስ ቢ ወፍራም ነው፣ በስፓቱላ ይቀባል፣ ቁልቁል አይወርድም። ለእኛ ሥራ የሚሆነው ክላስ ቢ ነው። ከፊደሉ በኋላ ያለው ቁጥር ከተዋሃደ በኋላ ለስንት ሰዓት እንደሚሠራ ይናገራል። ቢ-2 ማለት በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሁለት ሰዓት ገደማ አላችሁ ማለት ነው። ቢ-1/2 ግማሽ ሰዓት ብቻ ይሰጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ቢ-2 ይግዛ። በግማሽ ሰዓት ይህን ሁሉ ክሊኮ (የላሜራ ጊዜያዊ መያዣ) መሰካት ጭንቀት ነው፣ በጭንቀት ደግሞ ቀጥ ያለ ነገር አይሠራም።

ትንሹን መጠን ግዙ። ራደር የሚፈልገው ጥቂት ነው፣ የተከፈተ ቆርቆሮ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው። ትልቁን የክንፉ ነዳጅ ታንክ ላይ ስትደርሱ ትገዛላችሁ። የማብቂያ ቀኑን ሳታዩ አትክፈሉ።

ባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያ ቴፕ የሚጠቀሙም አሉ። ንጹሕ ነው፣ ማድረቂያ ጊዜ አይፈልግም። እኔ ሲላንቱን እመርጣለሁ። ቴፕ አንዴ ከነካ አይላቀቅም፤ ሲላንት ግን እስኪደርቅ ድረስ እየገፋችሁ እንድታስተካክሉ ይፈቅድላችኋል።

ጋራዡ

ለማጽጃ አሴቶን ወይም ኤምኢኬ የሚባለውን ማሟሟያ ፈሳሽ ትጠቀማላችሁ። ሁለቱም በቀላሉ ይቀጣጠላሉ፣ ትነታቸውም ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ በብዙ ቤት የጋዝ ውሃ ማሞቂያው የሚቀመጠው ጋራዥ ውስጥ ነው፣ ከሥሩም ሁልጊዜ የምትነድ ትንሽ እሳት ልትኖር ትችላለች። ማጽጃውን ከመክፈታችሁ በፊት ያቺን እሳት አጥፉ፣ የጋራዡን በር ክፈቱ። የተጠቀማችሁበትን ጨርቅ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ አስቀምጡ።

ጓንት ግድ ነው። የሲላንቱ ጥቁር ክፍል የብረት ውህዶች አሉበት፣ የእጃችሁ ቆዳ ላይ እንዲቀመጥ አትፍቀዱ። ቀጭኑን የናይትሪል ጓንት ደርቡ፣ ቶሎ ቶሎም ቀይሩ። ኤምኢኬ ናይትሪልን በፍጥነት ያልፈዋል፤ በእሱ ለማጽዳት የቡቲል ጓንት ይሻላል። ሲላንት አንዴ ጓንታችሁን ከነካ ትራፓኖውም፣ የበር እጀታውም፣ ስልካችሁም ላይ ይገኛል። ስለዚህ ስልኩን ቀድማችሁ አርቁት፣ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ካለ ይርዳችሁ።

ደረቅ ግጥሚያ፦ ዋናው ሥራ

ሲላንት ሳይኖር ሁሉንም ነገር አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ግጠሙ። ከዚህ ክፍል የምትቀንሱት ሰዓት በኋላ በእጥፍ ይከፈላል።

ሽብልቁን በሁለቱ ቆዳዎች መካከል አስገቡና በክሊኮ ያዙት። ክሊኮ ሪቬት እስኪመታ ድረስ ላሜራ ከላሜራ የሚያያይዝ ባለ ስፕሪንግ ጊዜያዊ መያዣ ነው፣ ለዚህ ቀዳዳ ብርማው ቀለም ያለው ነው የሚሆነው። ከዚያ በ40 ቁጥር ፑንታ በቆዳው ቀዳዳ በኩል ሽብልቁን ብሱ። የፑንታው አቅጣጫ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። ቆዳዎቹ ተዳፋት ናቸው። ፑንታውን ለአንደኛው ቆዳ ቀጥ አድርጋችሁ ከያዛችሁ በሌላው በኩል ቀዳዳውን ስቶ ይወጣል። መያዝ ያለባችሁ በሁለቱ ቆዳዎች መካከል ለሚያልፈው ምናባዊ መስመር ቀጥ አድርጋችሁ ነው። ከተረፈ እንጨት ትንሽ መምሪያ ብትሠሩ እጃችሁ አይሳሳትም።

ቀጥሎ የሪቬቱ ራስ የሚተኛበት ጎድጓዳ ይዘጋጃል። ቆዳው ቀጭን ስለሆነ በመጫኛ ሻጋታ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፤ ይህ ዲምፕል ይባላል። ሽብልቁ ግን ወፈር ያለ ስለሆነ በሁለቱም ጎን በመቁረጫ ይጎደጉዳል፤ ይህ ካውንተርሲንክ ነው። መቁረጫው የ100 ዲግሪ መሆኑን አረጋግጡ። ከተራ የዕቃ መደብር የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ 82 ወይም 90 ዲግሪ ነው፣ ለአውሮፕላን ሪቬት አይሆንም።

ሽብልቁ ላይ በጥልቀት አትቁረጡ። በሁለት ጎን ስለሚቆረጥ ትንሽ ከበዛ ሁለቱ ጎድጓዶች መሐል ላይ ይገናኙና ቀዳዳው ይሰፋል። ከሽብልቁ ሥር የተበሳ እንጨት አድርጉ፣ የመቁረጫው ጫፍ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ እንዳይንቀጠቀጥ ይይዘዋል። ጥልቀቱን በቁራጭ ላሜራ ፈትኑ። ዲምፕል የተደረገበት ላሜራ ሽብልቁ ላይ ሲቀመጥ ሳይወዛወዝ ከተኛ በቂ ነው፣ እዚያ ላይ አቁሙ።

አሁን የቀጥታው መሪ። ከራደሩ የሚረዝም የአሉሚኒየም አንጎላሬ ያስፈልጋል። ሱቅ ውስጥ ቀጥ ያለ የሚመስል አንጎላሬ ሁሉ ቀጥ አይደለም። በወፍራም ካርቶን ወይም በጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፣ በሹል እርሳስ በጠርዙ መስመር አስምሩ። ከዚያ ገልብጡትና ያንኑ ጠርዝ በዚያው መስመር ላይ አጋጥሙት። በመስመሩና በጠርዙ መካከል ብርሃን ከታየ አንጎላሬው ጠማማ ነው፣ ሌላ ፈልጉ። ይህ የሁለት ደቂቃ ፈተና ነው፣ ውጤቱ ግን ራደሩ እስካለ ድረስ አብሮት ይኖራል።

አንጎላሬውን በቆዳው ቀዳዳዎች ልክ ብሱት። የራደሩን ቆዳ የሚነካውን ፊቱን በካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ሸፍኑ፣ ሲላንት እዚያ ላይ አይጣበቅም። ከዚያ ቆዳ፣ ሽብልቅ፣ ቆዳና አንጎላሬ አንድ ላይ በክሊኮ ይያዙ። ዲምፕሉ ወደ ውስጥ የገባ ስለሆነ አንጎላሬው በውጭው ፊት ላይ ሙሉ በሙሉ ይተኛል። ራደሩን በደልዳላ ጠረጴዛ ላይ አስተኙና ከአንዱ ጫፍ ሆናችሁ፣ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ ጠርዙን ተመልከቱ። ቀጥ ካለ ደስ ይበላችሁ። ካላለ ምክንያቱን አሁን ፈልጉ፦ ያልተለሰለሰ የቀዳዳ ከንፈር፣ ያልተኛ ዲምፕል፣ ሽብልቁ ውስጥ የቀረ ብናኝ። መጣመም መኖሩንም አብራችሁ እዩ። የራደሩ ላይና ታች ጫፍ እኩል ካልተኙ፣ ያንን መጣመም ሲላንቱ ለዘለቄታው ያትምበታል።

ማጽዳት

ሁሉንም ፍቱ። የሚጣበቁትን ፊቶች ብቻ በቀይ ቡናማው ስኮች ብራይት (ሻካራ መፈግፈጊያ) ቀለል አድርጋችሁ አሻክሩ። አጥብቃችሁ አትፈግፍጉ፤ የአውሮፕላን ላሜራ ዝገት የሚከላከልለት ስስ የንጹሕ አሉሚኒየም ሽፋን አለው። ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለም በፊት የሚቀባ መከላከያ፣ የተቀባ ከሆነ ፕራይመሩ በደንብ መድረቁን አረጋግጡና እሱንም እንዲሁ አሻክሩ።

ከዚያ በነጭ ጨርቅ ማጽጃ ይደረጋል። በአንድ ጨርቅ እርጥብ አድርጋችሁ ትጠርጋላችሁ፣ ማጽጃው ከመትነኑ በፊት በሌላ ደረቅ ጨርቅ ታነሱታላችሁ። በራሱ እንዲደርቅ ከተዋችሁት ያሟሟው ቅባት ተመልሶ እዚያው ይቀመጣል። ጨርቁ ነጭ እንደሆነ እስኪቀር ድረስ ድገሙት። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ መንካት የለም። ሲላንቱም በዚያው ቀን ይቀባ።

መለካትና ማዋሃድ

ብዙዎቹ የ8802 ሲላንቶች በክብደት አሥር ለአንድ ይዋሃዳሉ። 30 ግራም ነጩን ከወሰዳችሁ ጥቁሩ 3 ግራም ነው። የራሳችሁን ማሸጊያ አንብቡ፣ የተጻፈው ሌላ ከሆነ እሱን ተከተሉ። በማንኪያና በዓይን አይለካም። ከግራም አሥረኛ ክፍል ድረስ የሚያነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ያስፈልጋል። 3 ግራም ላይ የአንድ ግራም ስህተት የጥቁሩ ሲሶ ነው፣ ያ ደግሞ የማይደርቅ ወይም ተሰባሪ ሲላንት ያስከትላል። ቀድሞ ተመጥኖ በቱቦ የሚመጣም አለ፣ ዋጋው ወደድ ይላል፣ ለራደር ብቻ ከሆነ ግን ያዋጣል።

ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ላይ አድርጋችሁ በአይስክሬም እንጨት እየጨፈለቃችሁ አዋህዱ። እንደ እንቁላል አትምቱት፣ አየር ይገባበታል። ጎንና ጎኑን፣ እንጨቱ ላይ የቀረውንም እየጠረጋችሁ መልሱ። ነጭና ጥቁሩ አንድ ዓይነት ግራጫ መሆን አለባቸው። መዋሃዱን ለማወቅ ጥቂት ወስዳችሁ ነጭ ካርድ ላይ ስስ አድርጋችሁ ጎትቱት። ጥቅል እያለ ያልታየ ነጭ ወይም ጥቁር መስመር ሲሳሳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መስመር ካያችሁ ተመልሳችሁ አዋህዱ።

ያንን ካርድ አትጣሉት። ቀን፣ ሰዓት፣ የሲላንቱን የምርት ቁጥርና የጋራዡን ሙቀት ጻፉበት፣ ከአጠገቡ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ጉብታ ሲላንት አድርጉና ከራደሩ ጎን አስቀምጡት። ውስጥ ያለውን ሲላንት መንካት ስለማትችሉ መድረቁን የሚነግራችሁ ይህ ምስክር ነው።

ሰዓቱ የሚቆጠረው ማዋሃድ ከጀመራችሁበት ጊዜ ነው። ሁለት ሰዓት የሚለው በ25 ዲግሪና በመካከለኛ እርጥበት ነው። ሙቀትና እርጥበት ያፋጥኑታል። ሐምሌ ላይ ሂዩስተን ጋራዥ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ማለዳ ጀምሩ፣ የተባለውን ሰዓት ሙሉ አገኛለሁ ብላችሁም አትመኑ። ጥር ላይ ዴንቨር ወይም ሚኒያፖሊስ ያላችሁ ደግሞ ተቃራኒው ይገጥማችኋል፤ ብርድና ደረቅ አየር ሲላንቱን ያዘገየዋል። ጋራዡን ማሞቅ ካስፈለገ እሳት የሌለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይሁን፣ ያውም ማጽጃው ከተነነ በኋላ።

መቀባትና መዝጋት

የሽብልቁን ሁለት ፊት ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ዳቦ ላይ ማር ስታሳሱ ከሥሩ ዳቦው እንደሚታይ፣ እዚህም ብረቱ ጭል ጭል ብሎ ቢታይ አይክፋችሁ። ዋናው ያልተነካ ቦታ አለመኖሩ ነው። ወደ ሹሉ ጫፍ አካባቢ ይበልጥ አሳሱ፣ ሲጨመቅ መውጫው እዚያ ነው።

ሽብልቁን በአንደኛው ቆዳ ላይ አስቀምጡና በጥቂት ቦታ በክሊኮ ያዙ። ሁለተኛውን ቆዳ ዝጉ። አንጎላሬውን አስገቡና ክሊኮዎቹን ከመሐል ጀምራችሁ ወደ ሁለቱ ጫፎች ሰኩ። ከጫፍ ከጀመራችሁ ትርፉ ሲላንት መሐል ላይ ይታሰርና ጉብታ ይሆናል። እያንዳንዱ ቀዳዳ ክሊኮ ይግባበት። አንድ ዘላችሁ አንድ መያዝ እዚህ አይበቃም፤ ያልተያዘው ቀዳዳ ጎን ቆዳው ሊያብጥ ይችላል።

ከጠርዙ የወጣውን በፕላስቲክ ስፓቱላ ጥረጉ። የቀረውን በማጽጃ ርጥበት ብቻ ባላት ጨርቅ አንሱ። ጨርቁ የሚንጠባጠብ ከሆነ ማጽጃው ወደ መገጣጠሚያው ገብቶ ሲላንቱን ያቀጥነዋል። አሁን ራደሩን ደልዳላው ጠረጴዛ ላይ አስተኙ፣ እንደገና በአንድ ዓይን ጠርዙን ተመልከቱ፣ መጣመሙንም ለኩ። ማስተካከል የምትችሉበት የመጨረሻው ጊዜ ይህ ነው። ሥራ የሌላቸውን መሣሪያዎችና ትርፍ ክሊኮዎች አሴቶን ባለበት ማሰሮ ጣሉ፤ ከደረቀባቸው ማስለቀቁ ሌላ ሥራ ነው።

ከዚያ ተዉት። ቢ-2 በተለመደው ሙቀት ሦስት ቀን ያህል ይፈልጋል፣ በብርድ ከዚያም በላይ። ካርዱ ላይ ያለችውን ጉብታ በጥፍር ተጫኑ። እንደ ጎማ ሆና ጥፍር ካልቀረባት ደርሳለች። ጥፍሩ ምልክት ከተወ አንጎላሬውን አትንኩት። ‹ይበቃዋል› ብሎ ቀድሞ መክፈት ይህን ሁሉ ድካም ያስቀራል።

ሪቬት

ክሊኮዎቹን እያዞራችሁ አውጡ፣ አንጎላሬውን አንሱ። ቀዳዳው ውስጥ የደረቀውን ሲላንት በ40 ቁጥር ፑንታ በእጅ እያዞራችሁ አጽዱ። በትራፓኖ ሞተር አታድርጉት፣ ቀዳዳው ይሰፋል።

ሪቬቱ የኤኤን 426 ኤዲ 3 ዓይነት ነው፣ ርዝመቱን ከእቅዱ ተመልከቱ። ሁሉንም ከአንድ ፊት ሰክታችሁ በፕላስተር ያዟቸው፣ ራሶቹን የብረት ሳህን ላይ አስተኙና ከላይ ምቱ። ከአንዱ ጫፍ ጀምራችሁ ተራ በተራ አትሂዱ። መጀመሪያ በየአሥሩ አንዱን ምቱ፣ ከዚያ በመካከላቸው ያሉትን፣ እንዲህ እያላችሁ ክፍተቱን እያጠበባችሁ ሂዱ። በመጀመሪያው ዙር ሙሉ በሙሉ አትምቱ፣ ግማሽ ያህል ብቻ። ከዚያ ጠርዙን ተመልክታችሁ በሁለተኛው ዙር ጨርሱ። በአንድ ፊት ብቻ የተደበደበ ጠርዝ ወደ አንድ ጎን መቆልመም ይወዳል፤ ዙሩን የከፋፈልነው ይህ ሲጀምር እንድናየው ነው።

የተመታው ጫፍ እንደ ፋብሪካው ራስ የተስተካከለ አይሆንም፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል። ተዉት። ለውበት ብሎ በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት መላጥ ሪቬቱን ያደክመዋል።

ሲያልቅ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ወይም የተወጠረ ናይለን ከጠርዙ ጋር አስተያዩ። ቫንስ የሚፈቅደው የማፈንገጥ ልክ 0.1 ኢንች፣ ማለትም 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከላይ ባለው መንገድ የሠራ ሰው ከዚህ በታች ያገኛል። ከበለጠ ግን በጉልበት ለማቃናት አትሞክሩ፣ አምራቹን ጠይቁ።

የታጠፈው ጠርዝ፦ ኤሌቬተር

ኤሌቬተር ጭራው ላይ የተጋደመ፣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያደርግ ተንቀሳቃሽ አካል ነው። የአርቪ 7 ኤሌቬተር ሽብልቅ የለውም። አንድ ላሜራ ከኋላ ታጥፎ ሁለቱንም ፊት ይሠራል። ቆዳው እንዳይርገበገብ ከውስጥ ማጠንከሪያ ዘንጎች ይመታሉ፣ የእነሱ ጫፍ ወደ መታጠፊያው ተጠግቶ ያበቃል። ፕሮፔለሩ የሚልከው አየር ቆዳውን ያለማቋረጥ ይመታዋል። መርገብገቡ የሚያርፈው ማጠንከሪያው ባበቃበት ነጥብ ላይ ነው፣ ስንጥቅም ከዚያ ይጀምራል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቆዳው ሙሉ በሙሉ ከመታጠፉ በፊት በየማጠንከሪያዎቹ ጫፍ መካከል ትንሽ ጉብታ ሲሊከን ይደረጋል። ሲታጠፍ የላይና የታችኛው ፊት በዚያ ጉብታ ይያያዙና አንዱ የሌላውን እንቅስቃሴ ያረጋጋል። እጅ ስለማይደርስ በረጅም ቀጭን እንጨት ጫፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ፊቱ መድረቅ ሳይጀምር እጠፉ፣ ከዚያ እስከ ማግስቱ አታንቀሳቅሱት። ፕሮሲልም ለዚህ ይሆናል።

ሲሊከን ስትመርጡ አሽቱት። የኮምጣጤ ሽታ ያለው በሚደርቅበት ጊዜ አሲድ ይለቃል፣ አሉሚኒየምን ይበላል። አሲድ የማይለቀውን፣ ‹ኒውትራል› የሚል የተጻፈበትን ግዙ። ሌላም ችግር አለበት፦ ውጭው ፊት ላይ ከነካ ቀለም አይይዝም፣ ቀለሙ እየሸሸ ክብ ክብ ባዶ ቦታ ይተዋል። ሲሊከን የነካ ጓንት ሌላ ነገር ሳይነካ ይጣል።

ክብደቱ በቁጥር

ኤሌቬተር የሚወዛወዘው ከጭራው ጋር በሚያያዝበት ማጠፊያ ላይ ነው። ከማጠፊያው ኋላ ያለ ክብደት ሲበዛ አየሩ በፍጥነት ሲመታው መንቀጥቀጥ ሊጀምር ይችላል። ይህ ፍላተር የሚባለው ነው፣ በሰከንዶች ውስጥ ጭራ ይነቅላል። ለመከላከል ከማጠፊያው ፊት እርሳስ የሚባለው ከባድ ብረት ይታሰራል።

እስቲ እናስላ። 15 ግራም ትርፍ ሲላንት ከማጠፊያው 40 ሴንቲ ሜትር ኋላ ቢቀመጥ 15 ሲባዛ በ40፣ 600 ይሆናል። እርሳሱ ከማጠፊያው 20 ሴንቲ ሜትር ፊት ከሆነ ያንን ለማመዛዘን 30 ግራም እርሳስ ይጨመራል። ሳይጠረግ በቀረ አንድ ማንኪያ ሲላንት ምክንያት አውሮፕላኑ ጭራው ላይ 45 ግራም ተሸከመ። ልኬቱ ለምሳሌ ያህል ነው፣ የእናንተን ከእቅዱ ውሰዱ። ቀለምም ከኋላ ክብደት ስለሚጨምር ማመዛዘኑ የሚጠናቀቀው ከቀለም በኋላ ነው።

ከመዝጋታችሁ በፊት

ቆዳው ከተዘጋ በኋላ ውስጡን ማንም አያይም። ስለዚህ ደረቅ ግጥሚያው ካለቀ በኋላ፣ ሲላንቱ ከመዋሃዱ በፊት ልምድ ያለው ሰው ጥሩ። የኢኤኤ፣ ማለትም አውሮፕላን በራሳቸው የሚሠሩ ሰዎች የሚሰባሰቡበት የአሜሪካ ማኅበር፣ አባል ከሆናችሁ ማኅበሩ ቴክኒካል ካውንስለር የሚላቸው በጎ ፈቃደኞች አሉት። ለአባላት ያለ ክፍያ ጋራዥ ድረስ መጥተው ሥራችሁን ያያሉ። ሪቬታችሁን ሲተቹ አትከፉ።

በየደረጃው ፎቶ አንሱ፦ የጸዳው ሽብልቅ፣ ሚዛኑ ላይ ያለው ቁጥር፣ የተቀባው ፊት፣ ክሊኮ የሞላው ጠርዝ፣ የሲሊከኑ ጉብታዎች። አሜሪካ ውስጥ ከሥራው አብዛኛውን እጅ በራሳችሁ እንደሠራችሁ ለአቪዬሽን ባለሥልጣኑ ማሳየት ይኖርባችኋል፣ ፎቶና መዝገብ ማስረጃችሁ ነው። ቀን የተጻፈበትን የሲላንት ካርድም መዝገቡ ውስጥ ለጥፉት። አውሮፕላኑ መብረር ሲጀምር በየምርመራው የማጠንከሪያዎቹን ጫፍ በባትሪ መብራት ከውጭ ተመልከቱ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ብታገኙ መጀመሪያ የምትከፍቱት ይህን መዝገብ ነው፣ እዚያ ቦታ ላይ ሲላንት ስለመኖሩ ፎቶው ይነግራችኋል።